ውጥር ቆዳና የሐሞት ቦይ

በቤተ ልሔም፣ ጋይንት፣ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ



ቤተ ልሔም ተጠርቶ መናገር ያስፈራል። እዚህ ሰው የሚመጣው ሊሰማ፣ ሊታረምና ሊያስመሰክር ነው። የቅዱስ ያሬድን ድጓ በየደብሩ ዓመታት የተማረ ሰው መጨረሻ ላይ እዚህ መጥቶ ነው መምህር የሚባለው። እኔ ዜማ አላውቅም። ሐኪም ነኝ፤ የምሠራውም በሆድ ዕቃ፣ ይልቁንም በጉበትና በሐሞት ሕመም ላይ ነው። የእስቴ ልጅ ስለሆንሁ ግን ብስት እንኳ እንደ ቤት ልጅ እንደምታርሙኝ ተስፋ አድርጌ ቆሜአለሁ።

ርእሴ ጠባብ ነው፤ በእውነትም ጠባብ ነገር ነው። ጉበቱ ከጥቅም ውጭ ሆኖ የሌላ ሰው ጉበት የተተከለለት ሕመምተኛ አንዳንድ ጊዜ የሐሞት ቧንቧው ይጠብበታል። ይህን ጥበት ሆድ ሳይቀደድ፣ በአፍ በሚገባ መሣሪያ ከፍቶ፣ ስቴንት በሚባል ትንሽ ቱቦ ወጥሮ ማዳን ይቻላል። «ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ይህ ምኑ ነው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። የምመልሰው ግን በወሬ ሳይሆን በነገሩ ሂደት ስለሆነ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ዓላማዬ አንዲት ናት፤ ስቴንት ቀጠሮ መሆኑን ማስረዳት። መጀመሪያ ሐሞት በየት በኩል እንደሚፈስ፣ ቀጥሎ የተተከለ ጉበት ቧንቧ ለምን እንደሚጠብ፣ ከዚያ እንዴት እንደሚከፈት እናገራለሁ። ብዙ የምቆየው መጨረሻው ላይ ነው፤ ሰውየው ስቴንቱን በሆዱ ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ ስለሚሆነው። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ የዘመን አቆጣጠር ነገር ራሱ ወደ ኋላ ጉዳይ ስለሚሆንብን ይህን ልብ በሉልኝ።

በግ ሲታረድ ያላየ እዚህ የለም። ሆዱ ተከፍቶ ጉበቱ ሲወጣ አራጁ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠነቀቀው ያቺ አረንጓዴ ከረጢት እንዳትፈርጥ ነው። ከፈረጠች ጉበቱ መረረ፣ ዱለቱም ቀረ። ልጅ ሆኜ የበጉን እግር እንድይዝ ስታዘዝ ሐሞት የሚሠራው እዚያች ከረጢት ውስጥ ይመስለኝ ነበር። እርሷ ግን ጎተራ ብቻ ናት። ሐሞትን የሚሠራው ጉበቱ ራሱ ነው፤ የሰው ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያህል ያመነጫል። ይህ ከየሕዋሱ እየተንጠባጠበ በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቦዮች ይሰበሰባል፤ ምንጭ ከምንጭ ተጋጥሞ ጅረት እንደሚሆን ቦዮቹ እየተጋጠሙ ይሰፋሉ፤ በመጨረሻም የቀኙና የግራው ገባር ከጉበቱ ደጃፍ ተገናኝተው አንድ ቧንቧ ይሆናሉ። የዚህ ዋና ቧንቧ ስፋት በጤነኛ ሰው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእርሳስ ይቀጥናል። ወደ ታች ወርዶ፣ ከቆሽት የሚመጣውን ቧንቧ አግኝቶ፣ ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ ላይ የጡት ጫፍ በምትመስል እብጠት በኩል ይፈስሳል። አብርሃም ፋተር የሚባል ጀርመናዊ በ1720 ስለጻፈላት እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። ይህችን ጫፍ ያዙልኝ፤ በኋላ የምንገባው በእርሷ ነው።

የሐሞት ሥራ ሁለት ነው። ቅባትን በትኖ ለአንጀት ያመቻቻል። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ የሚቀረውን ቢጫ ቀለም ደግሞ ከሰውነት ያወጣል። መንገዱ ሲዘጋ ቀለሙ ወደ ደም ይመለሳል፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ዓይነ ምድር ይነጣል፣ ሌሊት የማያስተኛ ማሳከክ ይመጣል። አገራችን ይህን የወፍ በሽታ ይለዋል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በስሙ ሥር ያሉት ሕመሞች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ቫይረስ ጉበቱን ሲያቃጥል ነው፣ ሌላው ጠጠር ወይም ወስፋት ቧንቧውን ሲዘጋ፣ ሌላው እጢ ሲጫነው። ጉበቱ የታመመበትና ቦዩ የተዘጋበት ሰው መልካቸው አንድ ዓይነት ቢጫ ቢሆንም ሕክምናቸው ለየቅል ነው። በዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ አልፈዋለሁ።

ስለ ሐሞት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አማርኛችን ደፋሩን «ሐሞተ ኮስታራ»፣ የፈራውን «ሐሞቱ ፈሰሰ» ይለዋል። ቀዶ ሐኪሞች ይህን አባባል እንደ ወረደ ነው የምንፈራው። በቀዶ ጥገና ተቆርጦ በተሰፋ ቧንቧ በኩል ሐሞት ወደ ሆድ ዕቃ ሲፈስ ሕመምተኛው በእርግጥም ይዝላል፤ ቁስሉም በሐሞት እየተነከረ ክፉኛ ጠባሳ ያበጃል። ቀድሞ የፈሰሰ ቧንቧ በኋላ የመጥበብ ዕድሉ ይብሳል።

አሁን ወደ ተተከለው ጉበት ልሻገር። ንቅለ ተከላ የሚለው ስም ገበሬ ያወጣው ይመስላል፤ የሽንኩርት ችግኝ ከመደቡ ነቅሎ ማሳ ላይ የተከለ ሰው ነገሩን ግማሽ ያውቀዋል። ችግኙን የሚያጠወልገው ሁለት ነገር ነው፤ በመንገድ ብዙ መቆየቱና ሥሩ አዲሱን አፈር እስኪለምድ ውኃ ማጣቱ። ጉበትም እንዲሁ ነው፤ ብቻ እዚህ አፈሩም ይጣላል። የሰው ገላ የባዕድ ሥጋን አይቀበልም። ቶማስ ስታርዝል የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ1963 በዴንቨር የመጀመሪያውን የሰው ጉበት ሲተክል ሕመምተኛው ሕፃን ከቀዶ ጥገናው አልተነሣም። ተከላው ሰምሮ ሕመምተኛ ከዓመት በላይ የኖረው በ1967 ነው። የሰውነትን እምቢታ የሚያለዝብ ጥሩ መድኃኒት፣ ሳይክሎስፖሪን፣ ጥቅም ላይ እስኪውል ድረስ ሥራው ሙከራ ተብሎ ቆይቶ በ1983 ነው በአሜሪካ እንደ መደበኛ ሕክምና የታወቀው።

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የዚህ ሥራ አባት የነበሩት ሮይ ካልን የሐሞት ቧንቧውን ስፌት የንቅለ ተከላው የአኪለስ ተረከዝ ብለውት ነበር። አኪለስ የግሪክ ተረት ጀግና ነው፤ እናቱ ብረት እንዳይበሳው በተአምረኛ ወንዝ ውስጥ ስትነክረው የያዘችው በተረከዙ ስለነበር፣ ውኃ ያልነካው እርሱ ብቻ ቀርቶ በዚያው ተወግቶ ሞተ ይላሉ። ጉበት ሲተከል ዋናው ደም መላሽ ይሰፋል፣ ከአንጀት ደም የሚያመጣው ሥር ይሰፋል፣ ከልብ የሚመጣው ቀጭን የደም ቅዳ ይሰፋል፤ በመጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ደክሞት ሳለ፣ ያቺ ከእርሳስ የቀጠነች ቧንቧ ከቧንቧ ትጋጠማለች። አስቸጋሪዋ እርሷ ናት።

ምክንያቱ የውኃ ነገር ነው። ጉበት ደም የሚያገኘው ከሁለት በኩል ነው፤ ሦስት አራተኛው ያህል ከአንጀት በሚመጣው ሥር፣ የቀረው በደም ቅዳው ይገባል። አንዱ ቢደክም ሌላው ያግዘዋል። የሐሞት ቧንቧ ግን የሚጠጣው ከደም ቅዳው ብቻ ነው። መስኖ የምታለሙ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ውኃው ሲያንስ መጀመሪያ የሚደርቀው በቦዩ ጫፍ ያለው ማሳ ነው። ተቆርጦ የተሰፋው የቧንቧ አፍ እርሱ ነው የጫፍ ማሳው። ደም ያነሰው ሥጋ ይቆስላል፤ ቁስሉ በጠባሳ ይድናል፤ ጠባሳ ደግሞ ባሕርዩ መሰብሰብ ነው። እሳት የበላው እጅ ሲድን ጣቶቹን እንዴት እንደሚያጥፍ አይታችኋል። ያው ነገር ክብ ሆኖ በተሰፋ ቧንቧ ላይ ሲደርስ እንደ ከረጢት ማሰሪያ ይጠባል።

ቁጥሩ ይህን ይመስላል። ጉበቱ ሙሉ ሆኖ ከሞተ ሰው የተወሰደ ከሆነ ቧንቧው የሚጠብባቸው ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 15 ናቸው። ጉበቱ ከሕያው ለጋሽ ተከፍሎ የተሰጠ ከሆነ ግን ቁጥሩ ወደ 30 ይጠጋል። ልዩነቱ የሚመጣው ከአናቶሚው ነው። ሕያው ወንድም ዋናውን ቧንቧውን ሊሰጥ አይችልም፤ እርሱም ይፈልገዋል። የሚሰጠው በአብዛኛው ቀኙን ክፍል ከነገባሩ ነው፤ ገባሩም ቀጭን ነው፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ሆኖ ይወጣል። ትንንሽ አፎች በዙ ማለት ትንንሽ ስፌቶች በዙ ማለት ነው።

ለጋይንት ምኑ ነው ላልነው የመጀመሪያው መልስ እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የአካል ንቅለ ተከላ በ2015 አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በኩላሊት ተጀምሯል። ጉበት የሚያስፈልጋቸው ወገኖቻችን ግን በየዘመድ ወዳጁና በየአደባባዩ ገንዘብ ተለምኖላቸው ወደ ሕንድ፣ ወደ ቱርክና ወደ ሌላም አገር ሲሄዱ ነው የምናየው። ሕንድ የመጀመሪያውን የተሳካ የጉበት ንቅለ ተከላ የሠራችው በ1998 ነው፤ ዛሬ በዚህ ሥራ ከዓለም ግንባር ቀደም ናት፤ አብዛኛው ሥራዋም ከሕያው ለጋሽ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ሕመምተኛ እህቱን ወይም ወንድሙን ይዞ ይሄዳል፤ ይዞት የሚመለሰውም ጉበት ቧንቧው መጥበብ የሚወድደው ዓይነት ነው። ሕመሙ ከየት መጣ ብትሉ ከሁሉ በፊት የጉበት ቫይረስን ልጥቀስ። በ2016 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር በአገራችን ከ100 ሰዎች 7 ያህሉ የሄፓታይተስ ቢ ተሸካሚ መሆናቸውን አሳይቷል። ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት በሚሰጠው አምስት በአንድ ክትባት ውስጥ መከላከያው አለ። እናቶች ሆይ፣ ይህን ክትባት ያስከተባችሁለት ልጅ የዛሬውን ንግግር ሳይፈልገው ይኖራል።

ስለ ለጋሹም አንድ ቃል። ጉበት ከአካል ሁሉ የሚለይበት ተአምር አለው፤ ግማሹ ተቆርጦ የቀረው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያድጋል። ቢሆንም ለጋሽነት ጨዋታ አይደለም፤ የቀኝ ጉበታቸውን ከሚሰጡ 1,000 ሰዎች ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት በዚሁ ሳቢያ ሕይወታቸውን ያጣሉ ተብሎ ይገመታል። እንግዲህ የተሰጠ ጉበት በቧንቧ ጥበት ሲበላሽ የሚጠፋው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ጥበቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ አመጣጡም ድምፅ የለውም። ጉበቱ ሲነቀል ነርቮቹ ስለተቆረጡ ሕመምተኛው ቁርጠት ላይሰማው ይችላል። የሰውነቱን እምቢታ ለማለዘብ የሚውጠው መድኃኒት ትኩሳቱን ይሸፍነዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ከጥበቱ በላይ ያለው ቧንቧ ተነፍቶ በአልትራሳውንድ ይታይ ነበር፤ የተተከለ ጉበት ቧንቧ ግን አንዳንዴ ተዘግቶም አይነፋም። የሚናገረው የደም ምርመራው ነው፤ ከዚያ በማግኔት የሚነሣው ኤም አር አይ ምስል ያረጋግጠዋል። ስለዚህ ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው «ደኅና ነኝ» ስላለ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ደሙ ይመስክርለት።

አሁን ሦስተኛው ክፍል ላይ ደረስን፤ አከፋፈቱ ላይ። ስቴንት የሚለው ቃል የመጣው ቻርልስ ስቴንት ከተባለ እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም ነው። እኒህ ሰው በ19ኛው መቶ ዘመን የጥርስ ቅርጽ መውሰጃ ልስን ሠሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኔዘርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዮሐንስ ኤሰር የተለጠፈ ቆዳ እንዳይሸሽ በዚያ ልስን ደግፈው ያዙት፤ ከዚያ ወዲህ ሥጋን ደግፎ የሚይዝ ነገር ሁሉ በጥርስ ሐኪሙ ስም ቀረ። ሐሳቡ ግን ከስሙ በጣም ያረጀ ነው። የሴት ልጅ ጆሮ ሲበሳ እናት ቀዳዳውን ባዶ አትተወውም። ክር ወይም ስንጥር ታደርግበታለች፤ ሰንብታ ወፈር ባለ ትለውጠዋለች፤ ቁስሉ በስንጥሩ ዙሪያ ከዳነ በኋላ ብታወጣውም ቀዳዳው አይጠፋም። ቀድማ ካወጣችው ግን ይደፈናል። እናቶች፣ የስቴንትን ሕግ ከእኛ በፊት ታውቁት ነበር።

ለሊቃውንቱ ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለኝ፤ ብራና። ድጓውን በእጁ የጻፈ ሰው ሁሉ ብራና እንዴት እንደሚወጣ ያውቃል። የፍየሉ ቆዳ ውኃ ውስጥ ሰንብቶ ይለሰልሳል፤ ዳር ዳሩን ተበስቶ በእንጨት ላይ በገመድ ይወጠራል። ብልህ ፋቂ ገመዱን በአንድ ቀን አይጨርሰውም፤ ትንሽ ይስባል፣ ይፍቃል፣ ደግሞ ይስባል። በአንድ ጊዜ የጎተተ ይቀድደዋል። እርጥብ ሳለ ከእንጨቱ የፈታ ደግሞ ቆዳው ይኮማተርበታል፤ የለፋበት ሁሉ እንደገና ነው። ተወጥሮ ሲደርቅ ብቻ ነው ልኩን የሚይዘው። የጠበበ የሐሞት ቧንቧም ፈውሱ ይኸው ነው፤ ቀስ በቀስ መወጠር፣ ተወጥሮ ማቆየት፣ ልኩን ሲይዝ መፍታት። ምሳሌው የሚጎድለው በአንድ ነገር ነው። የፍየሉ ቆዳ የሞተ ነው፤ ቧንቧው ሕያው ስለሆነ ይቆጣል፣ ይደማል፣ ያመረቅዛል። የኛ ፍርሃትም ሁሉ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል።

መንገዱ እንዲህ ተከፈተ። በ1968 በዋሽንግተን ዊሊያም መኩን በመመልከቻ ቱቦ ወደ አንጀት ገብተው ያቺን የፋተር ጫፍ አግኝተው ቀለም ረጩባት። በ1974 ጃፓኖችና ጀርመኖች፣ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው፣ የጫፏን አፍ በኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጠው ማስፋት ቻሉ። በ1979 ደግሞ በሐምቡርግ የሚሠሩት በትውልድ ኢንዶኔዥያዊው ኒብ ሱሄንድራ የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ቱቦ በዚያ በኩል አስገብተው ሐሞቱን አፈሰሱት። ሦስቱም ሥራ ቢላ በቆዳ ላይ ሳያርፍ የተሠራ ነው።

በዛሬው አሠራር ሕመምተኛው ከዋዜማው ጀምሮ ምግብ አይቀምስም፤ በጾም ላይ እናንተን የሚያስተምር ስለሌለ ይህን አልፈዋለሁ። ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት ይሰጠዋል፣ በማደንዘዣ ይተኛል። አውራ ጣት የማያክል፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ረጅም ቱቦ በአፉ ገብቶ ጨጓራውን አልፎ ከጫፏ ፊት ይቆማል። ካሜራው የሚያየው ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን ነው፤ ጫፏ በጎን ስላለች። ከዚያ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚቀጥን ሽቦ ይላካል። የሥራው ምሥጢር ሁሉ በዚህ ሽቦ ነው። ቀለም እየረጨን በኤክስሬይ መስኮት እያየን ሽቦውን በጥበቱ ውስጥ ለማሳለፍ አንዳንዴ አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ተኩል እንቆማለን። በቀጭን መርፌ ክር ያስገባ ሰው ሕመሙ ይገባዋል፤ ልዩነቱ መርፌው በሌላ ሰው ሆድ ውስጥ ሆኖ ሲተነፍስ መወዛወዙ ነው። ሽቦው ካልተሻገረ ምንም የለም፤ በቆዳ በኩል በጉበቱ ውስጥ ወጋ አድርጎ መግባት ወይም ዳግም ቀዶ ጥገና ይታሰባል። ከተሻገረ ግን ሌላው ሁሉ በሽቦው ላይ ይሄዳል። ትንሽ ፊኛ ተልኮ ጥበቱን ይነፋዋል፤ ከዚያ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ስቴንት ይገፋል። ስፌቱ ገና ጥሬ በሆነባቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊኛውን እንፈራዋለን፤ እርጥቡን ቆዳ እንዳንቀድደው።

አንድ ቱቦ ብቻ ብዙ ጊዜ አይበቃም። በሦስት ወር ሰውየው ተመልሶ ይመጣል፤ አሮጌው ይወጣል፣ ሁለት ይገባል። በሌላ ሦስት ወር ሦስት፣ ቦታው ከፈቀደ አራት። እንዲህ እየተሳበ አንድ ዓመት ገደማ ይቆያል። ሌላው መንገድ ብረት ነው። ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅይጥ እንደ ወንፊት የተፈተለና በስስ ሽፋን የተለበጠ ስቴንት ተጨምቆ ይገባል፣ ሲለቀቅ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። አንዱ የሦስት የአራት ፕላስቲክ ሥራ ይሠራል፤ ለወራትም ይቆያል። በአሜሪካ 8 ሆስፒታሎች 112 ሕመምተኞች፣ አብዛኞቹ ጉበት የተተከለላቸው፣ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው የተደረገ ሙከራ በ2016 ታትሟል። ብረት ከገባላቸው ከ100 እጅ 93 ያህሉ ጥበታቸው ተፈታ፤ ፕላስቲክ ከገባላቸው 85 ያህሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ይህ ልዩነት አይደለም። የብረቱ ወገን በአማካይ ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ሲመላለስ የፕላስቲኩ ከሦስት ጊዜ በላይ መመላለሱ ነው። ለዴንቨር ሰው አንድ ምልልስ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። ለስማዳ ሰው አንድ ምልልስ በሬ ነው።

ታዲያ ለእኛ ሰው ብረት ይግባለት አትሉም? እኔም እላለሁ፤ በሚሆንበት። ችግሩ ብረቱ የሚስማማው ዋናው ቧንቧ ላይ፣ ከሹካው፣ ማለትም ሁለቱ ገባሮች ከሚገናኙበት፣ ወረድ ብሎ ላለ ጥበት ነው። ከሕያው ለጋሽ የመጣ ጉበት ጥበቱ ሹካው ላይ ወይም ከሹካው በላይ፣ በቀጫጭን ገባሮች ላይ ነው፤ ሰፊው ብረት አንዱን ገባር ሲከፍት ጎረቤቱን ይዘጋል። እናም ምልልስ ከማንም በላይ የሚከብደው ወገን፣ በተተከለለት ጉበት ዓይነት የተነሣ፣ ምልልስ ከሚበዛበት ቱቦ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በዚህ ሙያ ውስጥ ካጋጠሙኝ ነገሮች እንደዚህ የሚያናድደኝ ጥቂት ነው።

አደጋውን ሳልናገር አላልፍም። ያቺ ጫፍ የሐሞትና የቆሽት የጋራ በር ስለሆነች በሩን የነካካ ቆሽትን ያስቆጣል፤ ከሥራው በኋላ የሚመጣ የቆሽት መቆጣት ትልቁ ፍርሃታችን ነው። በ2012 የታተመ በ602 ለዚህ በተጋለጡ ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ኢንዶሜታሲን የሚባል ርካሽ መድኃኒት በፊንጢጣ መስጠት ሕመሙን ከ100 ሰው ከ17 ወደ 9 ዝቅ እንዳደረገው አሳይቷል። ከዚህ ሌላ መድማት፣ የአንጀት መበሳት፣ የስቴንቱ ከቦታው መንሸራተት አለ። ጥበቱ በስፌቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በጉበቱ ውስጥ በብዙ ቦታ ከሆነ ደግሞ የስቴንት ውጤት ዝቅ ይላል፤ አንዳንዱ ዳግም ንቅለ ተከላ ይሻል።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ነኝ። አንድ የስማዳ ሰው እናስብ፤ ለማስረዳት የፈጠርሁት ሰው ነው። ወንድሙ ጉበቱን ከፍሎ ሰጥቶት ሕንድ ታክሞ ተመለሰ። በሰባተኛው ወር ደሙ ተበላሸ፣ ተመልሶ ሄደ፣ ሁለት የፕላስቲክ ስቴንት ገባለት፤ «በሦስት ወር ተመለስ» ተብሎ ወረቀት ተሰጠው። አገሩ ወገዳ ሲደርስ ማሳከኩ ጠፍቷል፣ ዓይኑ ነጥቷል፣ እንጀራ ይጣፍጠዋል። ጎረቤት «ዳነ» አለ፤ እልልም ተባለ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚች እልልታ ነው። ያልታመመ ሰው ለምን ይመለሳል? ገንዘቡ አልቋል፣ ለጋሹ ወንድሙ ገና አቅም አላገኘም፣ መንገዱም አንዳንዴ ይዘጋል። አራተኛው ወር አለፈ፣ አምስተኛው አለፈ፤ ምንም የለም።

በቱቦው ውስጥ ግን ሥራ አለ። ከአንጀት የሚመጡ ተሕዋሲያን የፕላስቲኩን ግድግዳ እንደ ሽበት ያለብሱታል፤ በላዩ የሐሞት አተላ ይጋገራል። ጋን በአተላ እንደሚደፈን ነው። ከሦስት ወር በኋላ መደፈኑ የጊዜ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የምንለውጠው ሰውየው ሲታመም ሳይሆን ሳይታመም ነው። ቱቦው ሲደፈን የሐሞት ቦዩ ያመረቅዛል፤ አንድ ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይነዳል። ወደ ቆላው ወረድ ያለ ሰው ከሆነ ሁሉም ወባ ነው ይላል። የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ሁለት ቀን ይጠበቃል። የሰውነቱ መከላከያ በመድኃኒት የተለዘበ ሰው ግን ሁለት ቀን የለውም፤ ምርቀዛው ወደ ደም ይገባል።

የጤና ባልደረቦቼ፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ስቴንት በሆዱ ያለ ሰው ትኩሳት ቢይዘው ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ምክንያቱ ስቴንቱ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ወባውንም መርምሩ፤ እርሱን ስትጠብቁ ግን ፀረ ተሕዋሲያኑን አታዘግዩ፤ ወደ ላይ ላኩት፣ ደውሉ። ስቴንት መትከል ጥቂት ማዕከላት ብቻ የሚሠሩት፣ በአገራችንም በአብዛኛው አዲስ አበባ የሚገኝ ጥበብ ነው። የተደፈነ የፕላስቲክ ስቴንት ጫፉ አንጀት ውስጥ ብቅ ብሎ ስለሚታይ ማውጣቱ ግን ቀለል ይላል፤ የጨጓራ መመልከቻ ባለበት ቦታ፣ ከተከሉት ሐኪሞች ጋር በስልክ ተመካክሮ፣ ሊታሰብ ይችላል። «ሕንድ የተተከለ ሕንድ ብቻ ይወጣል» ብሎ ሰውን መመለስ አይገባም።

አባቶች፣ እናንተን የምለምነው ስለ ሁለት ነገር ነው። ይህ ሰው የሚውጠው መድኃኒት በየ12 ሰዓቱ ነው፤ የአንድ ቀን መዝለል እንኳ ጉበቱን ያስቆጣል። በጾም ወቅት ኅሊናው እንዳይከፈል ከእናንተ ቃል ይስማ። ሁለተኛው፣ የወፍ በሽታ ተመለሰበት ተብሎ ሥር ሲማስለት የምታዩ ከሆነ አስቁሙልኝ። ሥራሥሩን ሁሉ መናቄ አይደለም፤ የተተከለ ጉበትና የሚወስደው መድኃኒት ከየትኛው ሥር ጋር እንደሚጣሉ ማንም አልመረመረውም።

አሁን ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኋችሁን የዘመን አቆጣጠር ላንሣ። የሕመምተኞችን ወረቀት ሳገላብጥ ደጋግሞ የሚያስቸግረኝ ነገር ነው። ውጭ አገር የተተከለ ስቴንት መመለሻ ቀኑ በወረቀቱ ላይ «10/06» ተብሎ ይጻፋል እንበል። ሕንድ ያለው ሐኪም የጻፈው የእነርሱን ጁን 10 ቀን ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አይቶ ኦክቶበር 6 ብሎ ያነበዋል፤ ይህ በኛ መስከረም 26 ነው። ወገዳ ያለው ልጅ ደግሞ በስድስተኛው ወር በ10ኛው ቀን ብሎ የካቲት 10 ያደርገዋል። አንዱ ቀጠሮ ሦስት ቀን ሆነ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ቱቦ ለመድፈን ይበቃል። እኔ አሁን ሕመምተኛ ሲመጣብኝ ከሁሉ በፊት ብዕር አወጣለሁ። ስንት ስቴንት እንደገባ፣ ፕላስቲክ ወይም ብረት መሆኑን፣ የገባበትን ቀን እጽፋለሁ፤ መውጫውን በፈረንጁ ቀን ጎን በአማርኛ አደርገዋለሁ፤ ሰውየው ማንበብ ባይችል እንኳ የቤቱ ሰው ሁሉ እንዲያስታውሰው የዕለቱን በዓል እጨምርበታለሁ። ሰኔ 3፣ በዓታ።